የአያ አዳነ እግሮች

ጥቅምት 11 ቀን 2010

ፒያሳ። ማኪያቶ ስጠጣ ከጀርባዬ ሁለት ወጣቶች ያወራሉ። አንዱ ለሌላው፦ «አሮጌው ዓለም ተመልሶ ተከፈተ እኮ። የሞቱት ሁሉ እንዳሉ ናቸው።»

ዞር ብዬ አላየሁም። እንዲህ ያለ ዜና ሲነገር ጣልቃ አይገባም። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ እስክደርስ ድረስ በቃሉ አመንኩት። ለምን አላምን? ፋሲል ከሞተ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ግቢው ዛሬም የእሱ ነው።

ሱቅ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ለካ ጨዋታ ነው። ኦርማንዳ። የእኛው ኦርማንዳ... ከየአገሩ የተሰባሰቡ ናፋቂዎች የ2001ዱን እትም ከነተጫዋቾቹ ከሆነ ማስቀመጫ አውጥተው እንደገና ከፍተውታል። ያኔ የነበረ ሁሉ በቆመበት ቆሟል ይላሉ።

ወጣቱ «የሞቱት» ያለው እነዚህን ነው። እነዚህን ብቻ?

ጥቅምት 13

ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል። ከመርሳቴ በፊት ልጻፈው።

ሦስት ነበርን። ሙስዓብ፣ አንዳርጋቸው፣ እኔ። ፒያሳ ፎቅ ላይ በነበረው ኢንተርኔት ቤት አንድ ኮምፒውተር እንይዛለን። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ተጫዋች፣ ሦስት ሰው። ሙስዓብ ማውሱን ይዞ ይመታል። አንዳርጋቸው ኪቦርዱን ይዞ ያስኬዳል። እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ የሚባለውን እተረጉማለሁ። ስለዚህ እጁ ሙስዓብ፣ እግሩ አንዳርጋቸው ነበር። እኔ ምን እንደነበርኩ እስካሁን አልተወሰነም።

ተጫዋቹን አያ አዳነ አልነው፤ በትምህርት ቤታችን ዘበኛ ስም። ፈዋሽ ነው። ነጭ ካባ፣ ረጅም በትር። ዘበኛው ማንንም ፈውሶ አያውቅም፤ በትሩ ግን ትክክል ነው። ፓስወርዱን ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቅም።

አንዳርጋቸው በ2003 ሚያዝያ ወጣ። መተማ፣ ሱዳን፣ ሊቢያ። መጨረሻ የደወለው ለእናቱ ነው፤ ነገ ባሕር ላይ ነን ብሎ። ከዚያ ወዲህ ምንም።

መተማ ድረስ የሸኘው ሙስዓብ ነው። ቦርሳውን ተሸክሞለት። እኔ ደግሞ ቦርሳ መሸከምን ኃጢአት አደረግሁበትና ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። አዘዞ አለ ይሉኛል። አዘዞ ሩቅ አገር አይደለም። ሚኒባስ አለው።

ጥቅምት 20

ጨዋታውን ማውረድ አምስት ቀን ፈጀ። ዛሬ ጠዋት ሱቁ ባዶ እያለ ፓስወርዱን ጻፍኩ። ጭንቅላቴ ረስቶታል፤ ጣቶቼ አልረሱም። ተከፈተ።

አያ አዳነ ወፍጮው አጠገብ ቆሞ ነበር። ካባው፣ በትሩ... አልከሳም።

ወደፊት የሚለውን ተጫንኩ። ሮጠ።

እንደገና ሞከርኩ። አሁንም ሮጠ።

የእኛ አያ አዳነ ሮጦ አያውቅም። አንድ እግሩን ያነሣል፣ ያስባል፣ ያስቀምጣል። ሌላውን ያነሣል። እንደ ደብር አለቃ። አንዳርጋቸው፣ እግሩ በእኔ ነው፣ እኔ ነኝ በግርማ የማስኬደው ይል ነበር። እኔም ለዓመታት አዲሱን እትም ስሰድብ ዋናው ማስረጃዬ ይኸው ነበር፤ በአዲሱ ሰዎቹ ፖሊስ እንደሚያባርራቸው ይሮጣሉ፣ በአሮጌው ሰው እንደ ሰው ይራመዳል እያልኩ። በዚህ ጉዳይ ከማላውቃቸው ብራዚላውያን ጋር ተጣልቻለሁ።

ለካ አሮጌውም ይሮጥ ኖሯል። የሚያዘግመው የእኛ የኢንተርኔት መስመር ነበር። ብራዚላውያኑ ስለ ምን እንደማወራ አንድም ቀን አልገባቸውም።

ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ? ለማን?

ኅዳር 3

ቢሆንም አሮጌው ይሻላል። (አድልዎ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችም የቀድሞው ንጉሥ ሁልጊዜ ይበልጥባቸው ነበር።)

በአዲሱ ብትሞት አምስት ሰከንድ ቆጥረህ ትነሣለህ። ምንም አልሆንክም። በአሮጌው ሬሳህ የወደቀበት ድረስ ራቁትህን በእግርህ ሄደህ ዕቃህን ታነሣለህ፤ መንገድ ላይ ያገኘህ ሰው አዝኖ ይሸኝሃል። ሞት ሞት ነበር፤ ሐዘንተኛም ነበረው።

መርከቡም። በአዲሱ የወደቡን ስም ትነካለህ፣ ማዶ ነህ። በአሮጌው መርከቡ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ነው። አንዳርጋቸው ያንን ሩብ ሰዓት ይወደው ነበር። እኔና ሙስዓብ ሰዓታችን አለቀ ብለን ስንጮህበት እሱ አያ አዳነን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ውኃውን ያያል። ማክሰኝት ተወልዶ ያደገ ልጅ ባሕር ያየው እዚያ ነው።

ኅዳር 8

ትናንት ወፍጮው አጠገብ ነበር የተውኩት። ዛሬ ወደቡ ላይ ተቀምጧል።

ኅዳር 10

ረስቼ ይሆናል ብዬ ፈተንኩት። ትናንት ተራራ ጫፍ ላይ አቆምኩት፣ ከረጢቱ ውስጥ ሦስት ዳቦ አስቀመጥኩ። ዛሬ ጠዋት ወደቡ ላይ ነው። ዳቦው ሁለት።

ሰርቨሩ ነው አልኩ ለራሴ። ሰርቨር ዳቦ ይበላል?

ፓስወርዱን የሚያውቅ... ሙስዓብ ጨዋታ ከተወ ዘመን አልፎታል፤ ሚስት አግብቷል፣ ሲሚንቶ ይሸጣል። የቀረው አንድ ሰው ነው።

አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝን ደብተር ትቼ ካልኩሌተር ሰጠኋት። አመስግና ሄደች።

ኅዳር 12

ማክሰኝት። የአንዳርጋቸው እናት እትዬ ወለተሩፋኤል ዘንድ። ሚካኤልን ስለሚዘክሩ በየዓመቱ እሄዳለሁ። ወንድማቸው አያ ቢያዝን ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ ነገራቸውም እንደተለመደው ነው። ሚያዝያ ሲመጣ ሰባት ዓመት ይሞላል፣ ፍትሐት አልተደረገለት፣ ተዝካር አልወጣለት፣ ነፍሱ መንገድ ላይ ቆማለች። እትዬ ላልሞተ ሰው ተዝካር አላወጣም አሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው በምን ይታወቃል ቢሏቸው፣ ልጄ ድሮም ወሬ አያበዛም ብለው መለሱ።

አያ ቢያዝን ሲወጡ ለእትዬ ነገርኳቸው። አልናገርም ብዬ ነበር የሄድኩት። ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ሥዕል አለን፣ የምናንቀሳቅሰው ሦስታችን ነን፣ እኔ ሳልነካው ቦታ ቀይሯል። ስናገረው ለራሴም የእብድ ነገር መሰለኝ። እትዬ ሲኒዎቹን ሰብስበው አነሡ። ከዚያ፦

«ጫማ አለው?»

አለው አልኩ። ቡትስ ነው።

«ሸጋ» አሉ።

ታኅሣሥ 6

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ውስጥ እያለሁ ጨዋታው አስወጣኝ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ በዚህ ስም ሌላ ሰው ገብቷል።

ሱቁን ዘግቼ እስከ ዐሱር ተቀመጥኩ። ሶላት ቆሜ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋብኝ።

ተመልሼ ገብቼ መጻፍ እችላለሁ። ማስታወሻ የሚተውበት ቦታ አለ። ማነህ? ሦስት ፊደል። ግን ጽፌ መልስ ባይመጣስ? አሁን ያለኝ ነገር ይሻላል። የሚበላ፣ የሚሄድ፣ ወደብ ላይ የሚቀመጥ ጓደኛ አለኝ። በሕይወት ካሉት ጓደኞቼ ብዙዎቹ ከዚህ ያነሰ ነው የሚያደርጉልኝ።

በየቀኑ ተራራ ላይ አወጣዋለሁ። በየቀኑ ይወርዳል። ዳቦ እጨምርለታለሁ።

ጥር 15

የጥምቀት እንግዳ ሲበተን ማክሰኝት ሄድኩ። እትዬ ወለተሩፋኤል ፊታቸው በርቷል። አያ ቢያዝንን ዳግም ተዝካር ብሎ እንዳያነሣብኝ ብዬ መለስኩት አሉኝ። ደነገጥኩ። በእኔ ወሬ ብቻ?

«የአንተ ብቻ ቢሆንማ ዝም እል ነበር። ሙስዓብም ለገና መጥቶ ይኸንኑ ነገረኝ። ሥዕሉ ይሄዳል አለኝ። እናንተ እንደሁ አትነጋገሩም፤ ተማክራችሁ አትዋሹኝ። ሁለት ምስክር ከተስማማ ዳኛስ ምን ይላል?»

ይፈርዳል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ጥር 16

ሁለቱ ምስክሮች ያዩት እርስ በርሳቸውን ነው።

ጥር 19

አዘዞ። ሚኒባሱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሰባት ዓመትና ሃያ ደቂቃ።

ሙስዓብ ወፍሯል። አዲሶቹ ቤቶች አጠገብ ሲሚንቶና ሴራሚክ ይሸጣል። አይቶኝ ከወንበሩ ተነሣ፣ የሚቀመጥበትን ግን ለእኔ አልሰጠኝም። ሰላምታ ሳንጨርስ፣ ዳቦውን የምትበላው አንተ ነህ ወይ አልኩት።

ዐይኑ ፈጠጠ። «ተራራ ላይ የምታወጣው አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«እኔ እኮ ኔትወርክ ፍለጋ የሚወጣ መሰለኝ።»

ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ አንድ ሴራሚክ ሊገዛ የመጣ ሰው ወጥቶ ሄደ። ከዚያ እሱ አቆመ፣ እኔም አቆምኩ። ወደብ ላይ ለምን ትወስደው ነበር አልኩት። አንዳርጋቸው ቢገባ መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያ ነው ብዬ አለ። እሱም እንደኔ አንድ ቃል አልጻፈም። በዚያው ምክንያት።

መተማን አላነሣንም። ልወጣ ስል ግን፣ ቦርሳው ቀላል ነበር አለኝ። እንዴት እንደቀለለ እስካሁን ይገርመኛል አለኝ።

የካቲት 3

ቅበላ። ሁለታችንም ማክሰኝት ሄደን ለእትዬ ነገርናቸው። ማን እንደሚጀምር መንገዱን ሁሉ ስንከራከር ቆይተን፣ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ጀመርን።

ምስር ይለቅሙ ነበር። አላቋረጡም። ስንጨርስ፣ ታዲያ አንድም ቀን እሱ አልነበረም ብለው ጠየቁ። ሙስዓብ አይመስለንም አለ። ጠጠር አውጥተው ጣሉ።

«ምነው አንዳችሁ እንኳ ዝም ባላችሁ» አሉ።

ምስሩ እስኪያልቅ ተቀመጥን። ከዚያ ተዝካሩ ፋሲካ ሲወጣ ይሆናል አሉ። ለእናንተ በግ ለብቻው አቆማለሁ፤ ቢላዋችሁን ይዛችሁ ኑ።

መጋቢት 8

ኢንተርኔት የለም። ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ሙስዓብ በየቀኑ ሱቅ ይመጣል፤ ተቀምጠን የጠፋ መስመር እናያለን። አሮጌው እትም ከዚህም ይፈጥን ነበር ይላል።

ሚያዝያ 21፣ እሑድ

ተዝካሩ ወጣ። ሙስዓብ ቢስሚላህ ብሎ አረደ፣ አብረን ገፈፍን፣ የእስላሙ ወጥ በተለየ ድስት ተሠራ። ከማክሰኝት ነጋዴዎች ጋር ስምንት ያህል እስላሞች ነበርን፤ ዳሱ ጫፍ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈልን። ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ አልተነሣንም። አንዲት ሴት ሲሚንቶ ስንት ገባ ብላ ሙስዓብን ጠየቀችው፤ ተዝካርም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው።

ካህናቱ ጸሎት ሲያደርሱ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ማርያም ይላሉ። ሙስዓብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ማነው አለኝ። የአንዳርጋቸው የክርስትና ስሙ ነው። ከተዋወቅን ጀምሮ ነበረው፤ ጠይቀነው አናውቅም። እኛ ሌላ ስም ስናወጣ ነበር የከረምነው።

እትዬ ወለተሩፋኤል ማታ ጥቁር ለበሱ። በሰባት ዓመታቸው። አለቀሱም፤ እንዲያ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። አያ ቢያዝን፣ አሁን ነፍሱ ዐረፈች አሉኝ። አሜን አልኩ። እኔም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙታን ዱዓዬ ውስጥ ስሙን አስገባሁ።

ሚያዝያ 24

መስመሩ ተመልሷል። ሙስዓብ ጠዋት ሱቅ መጣ። አያ አዳነን ለመጨረሻ ጊዜ መርከብ አሳፍረነው ጨዋታውን እንሰርዛለን ብለን ተስማምተን ነበር። እሱ ማውሱን ያዘ፣ እኔ ኪቦርዱን።

ፓስወርዱን ጻፍኩ። ስህተት ነው አለ። ቀስ ብዬ ደገምኩ። ስህተት ነው። ሙስዓብ ገፋ አድርጎኝ ራሱ ጻፈ። ስህተት ነው። ቀይረኸዋል እንዴ አልኩት። እሱም እኔን ሊጠይቀኝ አፉን ከፍቶ ነበር።

ከሥር ትንሽ ጽሑፍ አለ፦ ፓስወርዱ እሑድ ተቀይሯል።

እሑድ ሁለታችንም ማክሰኝት ምንጣፍ ላይ ነበርን።

ሰርቨሩ ነው አልኩ። ሙስዓብ፣ አዎ ሰርቨሩ ነው አለ። ሻይ አዘዝን። መዝገበ ቃላቱ እኔ ነኝና፣ ሻይው እስኪመጣ የጨዋታውን ደንብ አነበብኩለት። ፓስወርድ ለመቀየር መጀመሪያ የድሮውን መጻፍ ግድ ነው።