ገና ያልተወለደችው «እሷ»

ሶሌ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ በየዓመቱ የሚመጣው ረጅሙ ዝናብ ሦስቴ ዘንቦ አባራ። የዚህ አገር ሚኒባሶች፣ ማታቱዎች፣ አሁን የወንበር ቀበቶ አስገብተዋል። አንተ የሞትክበት ያኔ ቢኖረው ኖሮ፣ እላለሁ፤ ከዚያ እተወዋለሁ። የሁርሊንግሃም ሰፈሩ ምግብ ቤታችን በረንዳው ተከድኗል። ሜሮን ውሃ ሲጠማት «ማጂ» ትላለች።

አዎ፣ ልጅህ። ስትሞት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ወንድምህ ጌታሁን ከሰልስትህ በኋላ ያለውን ልንገርህ። «ሰለሞን ልጅ ሳይኖረው ነው የሞተው፤ ምግብ ቤቱ ከሚስቱ ዕድሜ በኋላ ወደኛ ይመለሳል» አለ። ፍርድ ቤት ቆምን። የፈራሁት ቤቱን ማጣት አልነበረም። ልጅ አልነበረውም ተብሎ እንዳይጻፍብህ ነው።

የጌታሁን ጠበቃ በእንግሊዝኛ ስለ ሆዴ ሲናገር «ኢት» ይላል። ለዕቃ የሚባለውን። እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። የኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ቃል የለውም፤ ወይ እሱ ነው፣ ወይ እሷ። አንተ ደግሞ ከመጀመሪያው «አንቺ» እያልክ ታወራት ነበር። ጌታሁን ስንቴ ስቆብሃል፤ «ወንድ ቢሆንስ፣ አንተ ሰውዬ?» እያለ።

ጌታሁን ቃሉን በአማርኛ ሰጠ። «እሷ እኮ ገና አልተወለደችም» አለ። አስተርጓሚው እንዳለው አስተላለፈ። ዳኛዋ ቀና አሉ።

«እሷ ማን ናት?»

ጌታሁን ሆዴን አየ። ከኋላ ሰው ሳቀ። ኮራሁብህ ሶሌ። አጠራርህ በወንድምህ አፍ ችሎት ገባ።

ዳኛዋ ግን በአፍ ወለምታ አይፈረድም አሉ። ሕጉ አባቱ ሲሞት ተፀንሶ የነበረን ልጅ ያውቃል፣ በሕይወት ከተወለደ። «ከ»። በዚያች አንዲት ፊደል ላይ ከረምኩ። ስትረግጠኝ እተነፍሳለሁ። ዝም ስትል ደግሞ ጎኔን እቀይራለሁ፣ ጣፋጭ እበላለሁ፣ እጠብቃለሁ።

ተወለደች። አለቀሰች፣ ጮክ ብላ። ውሳኔው ተነበበ፦ አባቷ በሞተበት ቀን በሕይወት እንደነበረች ትቆጠራለች።

እንደነበረች። ሕግም አብራችሁ ነበራችሁ አለ ማለት ነው።

ጌታሁን አሁን እሁድ እሁድ እየመጣ ያዝላታል። «እኔ እኮ ነኝ የመሰከርኩላት» ይላል። ሳልወድ እስቃለሁ።

አንድ ቀን «አባቴ ያውቀኝ ነበር?» ትለኛለች። ፍርዱን አነብላታለሁ፣ ቀና ብዬ። አብራችሁ የኖራችሁባቸውን ወራት ግን አንተም እሷም ልታስታውሷቸው አትችሉም። እኔ አስታውስላችኋለሁ።