ግመሉን ስላየችው ልጄ

ግንቦት 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ እንዳላማው
የከተማችን የወጣቶችና የመረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደ ምን ሰነበቱ? እርስዎ ደኅና ነዎት? ማኅተምዎ ደኅና ነው? የፌስቡክ ገጽዎስ ከደረሰበት ድንጋጤ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ በተለይ ልጄ የኔአለም ከትምህርት ቤት ከታገደች ወዲህ ሙሉ ዕረፍት አግኝታ ከእናቷ ጋር ምስር ስትለቅም ትውላለች። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንዲህ ያለ ዕረፍት ስለ ሰጧት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እኔ መሪጌታ አምደሚካኤል ድረስ እባላለሁ፤ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለው ደብር ዜማ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የኮምፒውተር ነገር አይገባኝም፤ ብሳሳት በትዕግሥት ያርሙኝ። ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. መጋቢት ላይ ጽሕፈት ቤትዎ «ወጣቱና ሐሰተኛ መረጃ» የተሰኘ የግማሽ ቀን ሥልጠና ስለ ሰጠ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ልጆቹ በስልካቸው የመጣላቸውን ወሬ ሁሉ ሦስት ነገር ሳይጠይቁ እንዳያምኑ አስተምረዋል፤ ማን ተናገረው፣ መቼ ሆነ፣ ፎቶው የየት ነው። ስሰማ ደስ አለኝ። በእኛም ቤት ከሌላ መምህር ዘንድ የመጣ ተማሪ አንዲት መስመር ከማዜሙ በፊት ከማን እንደ ተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደ ተማሩ ይጠየቃል፤ የመምህሩን ስም መጥራት ያቃተው፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንደ አዲስ ከሥር ይጀምራል። እናንተ በፕሮጀክተር የደረሳችሁበትን እኛ በመቋሚያ ተደግፈን ስንጠብቀው ኖረናል።

2. በማግስቱ በገጽዎ ላይ «ሁለት ሺህ ወጣቶች ሠለጠኑ» የሚል ዜና ከነፎቶው ስለ ወጣ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ዘጠና ወንበር ብቻ እንዳለው ወንበሩን የደረደሩት ልጆች ያውቃሉ፤ ይሁን፣ ቁጥር በበረከት ይበዛል። ፎቶው ግን ጉድ ነው። ሕዝቡ ጢም ብሎ ተቀምጧል፤ ከኋላ በመስኮቱ በኩል አንድ ግመል አንገቱን አስግጎ ሥልጠናውን ይከታተላል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ብርድ እንኳን ግመል በቅሎም ታስላለች።

3. የኔአለም ከዜናው ሥር የተማረቻቸውን ሦስት ጥያቄዎች፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ ጻፈች። ጽሕፈት ቤትዎም በሦስተኛው ቀን ግመሉ «ለልምድ ልውውጥ ከመጡ እንግዶች ጋር የመጣ» መሆኑን ስለ ገለጸ አመሰግናለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው በግመል ተጭኖ ስለ መጣ ሳይቀል ቀረ።

4. ከዚያ ዜናውም ግመሉም ከገጹ ጠፉ። በምትካቸው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ልጄ «በሌለ ፎቶ ላይ ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት» ታገደች፤ የፈተና መግቢያ ካርዷም የይቅርታ ጽሑፍ እስክታቀርብ ድረስ ተያዘ። ፎቶው ከሌለ በምኑ ላይ ዋሸች ብዬ መጠየቅ አምሮኝ ነበር፤ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ስላየሁ ተውኩት። ለማንኛውም ልጆቹ ግመሉን በየስልካቸው አስቀርተውታል፤ እስካሁን ደምበጫ ገበያ ደርሷል ይላሉ።

5. ይህ እንኳን ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው። እገዳውን የሰማሁ ዕለት የተቆጣሁት በእርስዎ ሳይሆን በእሷ ነው። ምን አገባሽ፣ ከሹም ጋር ምን አጋፋሽ፣ አፍሽን ብትይዥ ምን ነበረበት ብዬ ጮኽሁባት። እሷም፣ «አባ፣ ‹ከማን ሰማሽ?› እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ሳርም ኖሬ የገዛ ልጄ አረመችኝ። በጣም አፈርሁ። ይህን የምነግርዎ ማፈር ሰው እንደማይገድል እንዲያውቁት ብዬ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት፤ ካርዷን ይስጧት። ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት ፈተና በአንድ ግመል ምክንያት አይለፋት። የግድ ሰው መታገድ አለበት ከተባለ አሠልጣኝዎንና እኔን ያግዱን፤ ጠይቂ ያልናት እኛ ነን፣ ሁለታችንም ዘንድሮ ፈተና የለብንም።

ሥልጠናዎ ፍሬ ማፍራቱን በዓይኑ ያየ፣ ግመሉ ባለበት ብርድ እንዳይመታው ዘወትር የሚጸልይ፣
ትሑት አክባሪዎ
መሪጌታ አምደሚካኤል ድረስ

ሳልረሳው፦ የጠየቁት የይቅርታ ጽሑፍ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እኔ አላጻፍኳትም፣ አላረምኳትምም፤ ቃሉ ይህ ነው፤ «እኔ የኔአለም አምደሚካኤል፣ የሰጣችሁንን ሥልጠና የምራችሁን መስሎኝ ስላዳመጥሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ማን እንደ ጻፈውና መቼ እንደ ተጻፈ ከሥሩ ሰፍሯል። የት እንዳለች ማጣራት ከፈለጉ ነገ ጠዋት የምስር ለቀማው ሳይጀመር ትምህርት ቤቱን በሚያሳየው የቢሮዎ መስኮት ብቅ ይበሉ፤ ጓደኞቿ ወደ ክፍል ሲገቡ ደብተሯን ታቅፋ ከአጥሩ ውጭ የምትቆም ልጅ ያያሉ። በዚህኛው መስኮት የምትታየው የእውነት ናት።