ቮላኖው ላይ ያለው ሰማያዊ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ደህና ቀን ነበር። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ካልኩሌተር ሸጥኩ። ማታ ወደ ቤት ስመለስ ግን ዲኤክሷ መኪናችን የሰፈራችንን ዳገት እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ንቅንቅ የለም። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሪሲዮኑ፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው፣ አለቀለት። ጎረቤቶች ገፍተው ግቢ አስገቡልኝ።

መነን በሩን ከፍታ ቆማ ታይ ነበር። «እግርሽ ነው ያቃጠለው» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ዓመቷ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እየነዳች ወናጎ ከተማ ሄዳ ታስተምራለች፤ ሌላውን ቀን መኪናው የኔ ነው። እና የማን እግር ሊሆን ነው?

የራሷን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ቡፌው ላይ አስቀመጠች።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

መነን በሚኒባስ ሄደች። ቁልፉ እዚያው ነው።

ዲኤክሷን ጋራዥ አልወስዳትም። ጋሽ ጋዲሳ አሉ፣ ጎረቤታችን፤ ሠላሳ ዓመት ጭነት መኪና ነድተው መንገድ ላይ የተበላሸውን ሁሉ በእጃቸው የጠገኑ ሰው። ነገ ፍሪሲዮኑን እዚሁ ግቢ ውስጥ እናወርደዋለን ብለዋል። እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ? እናያለን...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ወይ ወገቤ። ክሪክ ብቻ አምነው መኪና ስር አይገቡም፤ ወፋፍራም ግንድ ደግፈንላት ነው የገባነው። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ማውረድ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

የፍሪሲዮኑ ሸራ እስከ ብረቱ ተበልቷል። ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ አዲስ ገዝቻለሁ። ከሱ ጀርባ ቮላኖው አለ፤ ሸራው የሚጣበቅበት፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ሰሃን። እንደ መስታወት ያበራል። ይሄማ ምን ይወጣለታል ብዬ አዲሱን ሸራ ላነሳ ስል ጋሽ ጋዲሳ ክንዴን ያዙኝ። ያበራ ሁሉ ጤነኛ አይደለም አሉ። ጤነኛው ፈዘዝ ያለ ነው፤ ይሄ በሙቀት ለስልሶ ነው፣ አዲሱንም ሸራ ያንሸራትተዋል።

ጥፍሬን ከመሃል ወደ ዳር እንዳስኬድበት አዘዙኝ። አንዴ ያዘኝ... ሁለቴ... ሦስቴ። ጥፍር ከያዘ ሸራው የቆፈረው ቦይ ጥልቅ ነው ማለት ነው። ከሱቅ የብረት ማስመሪያ አመጣሁና በጠርዙ አቆምንበት። መሃል ላይ በስሩ ብርሃን ያልፋል። ጎድጉዷል። ዙሪያውን ደግሞ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለው። ቀለም መስሎኝ በቤንዚን ፈተግኩት። አልለቅ አለ።

«ይሄ የተቃጠለ ነው» አሉ ጋሽ ጋዲሳ። «ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በግማሽ ረግጦ፣ ነዳጅ እየሰጠ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። ማነው?»

መነን አልኩ። ቶሎ ብዬ። የት ነው የምትቆመው አሉኝ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። መንገድ ላይም ትሄዳለች እንጂ አትቆምም። ዳገት ላይ ቆሞ መጠበቅ የት አለ... የኛ በር! ዳገቱ ላይ ያለው የራሳችን የግቢ በር።

እዚያ ክላክስ እያደረገ የሚጠብቀው ማነው? እኔ። በተራዬ ማታ ሁሉ፣ በር እስኪከፈትልኝ፣ እግሬ ፍሪሲዮን ላይ እጄ ክላክስ ላይ። የእጅ ፍሬን መያዝ ይሰለቸኛል። ወርጄ መክፈትማ... አባወራ ወርዶ በር ይከፍታል እንዴ? የምትከፍትልኝ መነን ናት። እሷ ስትመጣ ግን የእጅ ፍሬን ይዛ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጋ፣ ወርዳ ራሷ ትከፍታለች። በድንጋዩ ስንቴ ስቄባታለሁ!

ጋሽ ጋዲሳ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቮላኖውን ብረት የሚላጭበት ቶርኖ ቤት ወስጄ ዝም ብዬ ባስላጨውስ? ሰማያዊው ይጠፋል። ማን ያያል? ጋሽ ጋዲሳ እንደሆኑ አይናገሩም። ጆንያ አልብሼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ዓይኔ ጆንያው ላይ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መነን አቧራ ለብሳ መጣች። ጊዜው የቡና ለቀማ ነው፣ ሚኒባሱ ሁሉ ሙሉ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቆማ ጠብቃለች። አንድም ቃል አላማረረችም። ይሄ ነው የገደለኝ።

ጆንያውን ገለጥኩት። ጣቷን ይዤ ጥፍሯን አስኬድኩበት። ሰማያዊውን አሳየኋት። ክላክሱን፣ በሩን፣ ሁሉንም ነገርኳት። «እግርሽ አይደለም፣ የኔ እግር ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ብረቱን ብዙ አየችው።

«ስትሰድበኝ ሰው ፊት ነበር» አለች። ገባች። ቁልፉ አሁንም ቡፌው ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቶርኖ ቤት። ባለሙያው ወልደዮሐንስ ውፍረቱን ለካ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ አገላበጠው። ስንጥቅ ቢኖረው ጣለው እልህ ነበር አለኝ። የለውም። ተላጨ። ፈዘዝ ብሎ ወጣ፣ ሰማያዊ የሚባል የለም። ፈዛዛ ነገር አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ገጠምን! ማርሹ ቅቤ ሆኗል።

መኪናዋን ከግንዱ ለማውረድ እነዚያኑ ጎረቤቶች ጠራኋቸው። መነን በረንዳ ላይ ፈተና ታርማለች። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። ያን ዕለት እሷን ያልኳት ሐሰት ነው፣ ፍሪሲዮኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ በዚሁ በር ላይ አልኩ። ሩቂያ፣ ከታች ያለችው ጎረቤታችን፣ «እኛማ እናውቃለን፤ በየማታው ክላክስህን የምንሰማው እኛ አይደለን?» አለች። ሳቁብኝ። ጋሽ ጋዲሳ ሳይቀሩ።

መነን ቀና አላለችም። ግን እስክሪብቶዋ ቆሞ ነበር። አይቻለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ቡፌው ላይ ቁልፉ የለም። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ።

ዛሬ ቀድሜያት ገባሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክላክስ። አንዴ ብቻ። መነን በር ላይ ክላክስ አድርጋ አታውቅም! በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ዳገቱ ላይ ቆማለች። ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋለች።

«አትሩጥ» አለችኝ። «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ።»

ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፈትኩላት። ገባች። ምንም የሚሸት ነገር አልነበረም።