ሳሎኑ መሃል የነበረው ጉድጓድ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018

ዛሬ የሳሎኑ ሴራሚክ ተነጥፎ አለቀ። ኮርኒሱ ጂፕሰም ሆኗል፣ ግድግዳው ነጭ ነው፤ በስልኬ እያየሁ ስመኘው የኖርኩት ዓይነት ቤት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ እግራቸውን ከተው ነጠላ የሸመኑበት ጉድጓድ ከሴራሚኩ ሥር ቀርቷል። ያሳደጉን እዚያ የሸመኑትን ሽሮ ሜዳ ገበያ እየሸጡ ነው። እንዲደፈን የፈቀዱት ግን ራሳቸው ናቸው። "ዓይኔ ክር አይለይም፤ ምን ያደርግልኛል?" ብለው ነበር። እኔም ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብዬ ቶሎ አስደፈንኩት።

አመሻሽ ላይ ከቸርች ሲመለሱ በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ቤቱን ዙሪያውን አዩት።

"ያምራል። ጌታ ይባርክሽ" አሉኝ።

ከዚያ ወደ መኝታቸው ሲሄዱ በመሃል አላለፉም። እንደ ድሮው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ ዞሩት።

"አባባ፣ ተደፍኗል እኮ። በመሃል ይለፉ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

አዲሱን ሶፋ እዚያ ቦታ ላይ ላደርገው ነበር ያሰብኩት። እስካሁን በፕላስቲኩ እንደተጠቀለለ በረንዳ ላይ ነው።

ቅድም ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ነበር። እኔም ዞሬ ነው ያለፍኩት።