ሶላንዥን ሳልሰድባት ሄደች

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለማሳምባ ንዲያዬ፣

ካለህበት ኬቤክ ድረስ ሰላምታዬ ከእናታችን ምርቃት ጋር ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህስ፣ አዲሷ ልጃችንስ ደኅና ናቸው? ፎቶዋን ለመንደሩ ሁሉ አዙሬ አሳየሁ፤ ግንባሯ የኔ ነው፣ አትከራከረኝ። እኛ ካንድ ነገር በቀር አላህ ይመስገን ደኅና ነን።

ማሳምባ፣ ሶላንዥ ሞተች። ያቺ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ተባብረው ንባብ ቤቱን ሲከፍቱልን ዛሬ አንተ ካለህበት አገር የላኩልን፣ አንተንም መጽሐፍ ያስለመደችህ ሶላንዥ። ለሁለት ዓመት መጥታ ጸጉሯ እዚሁ ሸበተ። ልቧ ነው አሉ፤ እንደተኛች ቀረች።

መቼም ትዝ ይልሃል፣ መንደሩ ዲዮፕ ብሎ የዘር ስም ሲያወጣላት እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ለኛ ለንዲያዬዎች ዲዮፕን በፍቅር ቀልድ መስደብ የአያት የቅድመ አያት ወጋችን ነውና ዕድሜ ልኬን የምሰድባት አገኘሁ። ንባብ ቤቱን የከፈቱልን የአገሮቹ ማኅበር እንግዶች ለጉብኝት የመጡ ቀን «አንቺ ሆዳም፣ ለእንግዳ የተሠራውን ሩዝ ጨረስሽው!» ብላት የቤልጂጉ ሰውዬ ደንግጦ ሊገላግለን ተነሣ። እሷ ደግሞ «ተዋት ጌታው፣ አገልጋዬ ናት፤ ዓሣ ሸቷት ነው የመጣችው» አለችው። ሞሮኳዊቷ እንግዳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አሁን ግን ቤተሰቦቿ አስከሬኗን ጠየቁና መኪና በማለዳ መጥቶ ወሰዳት። እኔ ሉጋ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ንባብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነጠላ ጫማዋ ብቻ ቀርቷል። ዲዮፕ ሞቶ ንዲያዬ ቆሞ ካልሰደበው እንደ ባዳ ሄደ ማለት አይደል? መንደሩ ሁሉ አልቅሶ ሸኛት፤ የሰደባት ግን አንድ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ።

በረዶው ካልቀለጠ እዚያ መቃብር እንደማይቆፈር ግን ጽፈህልኝ ነበር። እንግዲያው አልረፈደም። አገሯ እዚያው ኬቤክ፣ ሪሙስኪ ነው፤ ሂድልኝ። እንዳይቀየሙህ ወጉን አስቀድመህ ለወንድሟ ንገረው። ከዚያ ድምፅህን ከፍ አድርገህ በኛው ቋንቋ በወሎፍ፣ «አንቺ ሆዳም ዲዮፕ! ሩዙን ጨርሰሽ ሳህኑን ለማን ጥለሽ ትሸሻለሽ? ንጎኔ ፈልጋ አጣችሽ!» በላት። ሳትሰድባት እንዳታለቅስ፤ ከሰደብካት በኋላ የኔንም ጨምረህ አልቅስ።

እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ትመርቅሃለች። ባለቤቴ ሞዱ ሰላም ብሎሃል። ልጆቼ፣ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስ። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አፏን ስትፈታም ዲዮፕ መስደብ አስተምራት።

እህትህ ንጎኔ ንዲያዬ

ኬር ማዲያል፣ ሉጋ
እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2009