የሐምሌ ነፋስ

ለልጄ ለሀዲያ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። የሚጽፍልኝ ባለሱቁ ሰዓድ ነው፤ ቃሌን እንዳያለዝብ አስምዬዋለሁ።

አየር መንገዱ ለቱሪስት ብሎ ራሔይታ አጠገብ ባሕሩ ዳር የራሱን የአውሮፕላን ማረፊያ እየሠራ ነው፤ ዘበኛው እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ሲከፈት በመጀመሪያው አውሮፕላን እመጣለሁ ማለትሽን ከሰማሁ ወዲህ ዕረፍት አጣሁ። ሜዳውን የዘረጉት በባሕሩ ነፋስ አቅጣጫ ነው። በሐምሌ ግን ከደባይሲማ የሚነሣው የበረሃ ነፋስ የሚያርፈውን አውሮፕላን በጎን ይመታዋል። አፋሮቹ ጎጆ ሲተክሉ እንኳ በሩን ወደዚያ አያዞሩም። ለመሐንዲሱ ነገርኩት።

«አባባ፣ ነፋሱን በመሣሪያ ለክተነዋል» አለኝ።

«መቼ?»

«በጥር።»

«እንግዲያው የለካችሁት የዓመቱን ግማሽ ነው።»

«ዘበኛ ብለን ቀጥረን መሐንዲስ ሆኖብን አረፈ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ነፋስ ግን ወደብ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቴን ገርፎ አስተምሮኛል። ልጄ፣ እባክሽ ጥር ላይ ነይ። ናፍቆቱን እችለዋለሁ። በሐምሌ እዚያ ሜዳ ዳር ቆሜ፣ አንቺን የያዘ አውሮፕላን ሲወርድ ማየት ግን አልችልም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ለዓይኔ ያብቃሽ።

አባትሽ ኑህ