እትዬ ማኅተም፦ የመስኮት ቁጥር ሦስት ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም «እትዬ ማኅተም» እያልን የምንጠራቸው እኅታችን ከጭነት መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሃምሳ አራት ዓመት ተወለዱ። የተወለዱባት አንድ ክፍል ቤት ከጋራዥ ጀርባ ስለነበረች እናታቸው «ልጄ ከእኔ ድምፅ በፊት የሰማችው መዶሻ ነው» ይሉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ወላጆቻቸውን በአንድ የመኪና አደጋ አጡ። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው የእናታቸው ወንድም፣ ሰዓት ሠሪው አጎታቸው ናቸው። ይህን ታሪክ የጻፈችው የእኒሁ አጎት ልጅ ስትሆን፣ ከሟች ጋር በአንድ አልጋ ተኝታ፣ አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተተች ያደገች ናት።

የአጎታቸው ሱቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ነበረች። አጎታቸው የጠገኑትን ሰዓት ሦስት ቀን አስቀምጠው አካሄዱን ሳያዩ ለባለቤቱ አይመልሱም፤ ደንበኛው ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሟች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያው ተቀምጠው ትንንሽ ብሎኖችን በየመጠናቸው ይለዩ ነበር። ሥራ ለማንም ተብሎ እንደማይታጠፍ የተማሩት ከዚያች ሱቅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ በመዝገብ አያያዝ ሠልጥነው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠሩ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከሆስፒታሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል። ባለቤታቸው ለጋብቻ ሲጠይቋቸው ሟች በቅድሚያ መታወቂያቸውን ተቀብለው ከፊት ከኋላ ማየታቸው የቤተሰቡ ሳቅ ሆኖ ቆይቷል።

ካርድ ክፍል በሠሩባቸው ሃያ ዓመታት አንጀታቸውን የበላው ነገር ታማሚ የሚከፍለው አጥቶ ከበር ሲመለስ ማየት ነበር። ስለዚህ የጤና መድን ሲጀመር ደስታቸው ወሰን አጣ። ከሥራ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው አስመዘገቡ። የሰፈራችን የመጀመሪያው አባል አጎታቸው ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት መዋጮአቸውን ሳያጓድሉ ከፍለው አንድ ቀን እንኳ ስላልታከሙበት፣ «ይቺ የመድን ደብተር ከእኔ ጋር ማርጀቷ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሟችም ወደ መድኑ መስኮት፣ ወደ ቁጥር ሦስት ተዛወሩ። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ የሪፈር ወረቀት ሲያመጣ ማኅተም ይመታለትና ሆስፒታሉ በመድኑ ያክመዋል። ወረቀት የሌለው ከኪሱ ይክፈል ነው፤ ከኪሱ መክፈል የሚችል ደግሞ እዚያ ሰልፍ ላይ አይገኝም። ያለ ወረቀት አንድም ጊዜ መትተው ስለማያውቁ ስማቸው ማኅተም ሆኖ ቀረ።

ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ አጎታቸው ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ደብተራቸውን ብቻ ይዘው ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ መንገድ ወጥቷል። ሟች በዚያው ጠዋት ወረቀት ያልያዘ ብዙ ሰው መልሰዋል። «አባባ፣ ለእርስዎ ብዬ ብመታ እነዚህን ሁሉ በምን አፌ ልመልሳቸው? ወረቀቷን ይዘው ይምጡ፤ እጠብቅዎታለሁ» አሏቸው። አጎታቸውም «ልክ ነሽ ልጄ» ብለው ሄዱ። ያሳደጓቸው ራሳቸው ናቸውና ሌላ መልስ አልጠበቁም።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሠራተኞቹ በበሽታው ስለተያዙ ተዘግቶ ነበር። ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ነገ ይመለሱ አላቸው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ተቀበሉና፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸውን ታክሲ ሲጠብቁ መንገድ ዳር እንደተቀመጡ አረፉ። ወረቀቱ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ይዛው ሄደችና በመስኮቱ ቀዳዳ አስገባችው። «ይኸው፤ ተሟልቷል» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሟችን አላነጋገረቻቸውም።

ሟች ያን ዕለት መስኮቱን አልዘጉም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሮት ለመጣ ሁሉ መቱ። በየቅጹ ጥግ በገዛ እጃቸው «ሪፈር የለውም፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙ። እንዲህ አምስት ሳምንት ከሠሩ በኋላ የመድን ቢሮው የእነዚህን ታካሚዎች ወጪ ለሆስፒታሉ አልከፍልም አለ፤ እሳቸውም ያለ ደመወዝ ታገዱ። በዚያው ሰሞን በሽታው ያዛቸው፤ ቢድኑም ሳንባቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም። አጣሪ ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ የያዙት ማስረጃ የአጎታቸው ሪፈር ወረቀት ብቻ ነበር። ሰብሳቢው የመዝገብ ቁጥሩን ጠየቋቸው። ሟች በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አነበቡ፤ ቀጥለው አጎታቸው የሞቱበትን ሰዓት ተናገሩ። በመካከሉ ያለው ሃምሳ ደቂቃ ነው። «ደንቡን ያከበርኩት እኔ ነኝ። ይኸንንም መዝግቡልኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ፣ ደረጃውን ሦስት ጊዜ እያረፉ ወጥተው፣ መድን ቢሮው ኮሪደር ላይ ይቀመጡ ነበር። ጥበቃዎቹ ወንበር ያዘጋጁላቸው ጀመር፤ አለቆቹ ግን በሌላ በር መውጣት ለመዱ። በስምንተኛው ወር መመሪያው ተሻሻለ፤ ድንገተኛ ሕመም የገጠመው አባል ሪፈር ሳይጠበቅ ይታከማል፣ ወረቀቱ በኋላ ይሟላል የሚል ወጣ። በመመሪያው ላይ የማንም ስም የለም። ሟች ወደ ሥራ ሲመለሱ የተሰጣቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ዛሬም ማኅደራቸው ውስጥ ይገኛል።

የዛሬ አምስት ወር የአጎታቸው ልጅ፣ ትንፋሽ ያጠረውን ባለቤቷን ደግፋ መስኮት ቁጥር ሦስት ደረሰች። ሟች በሕመም ፈቃድ ላይ ስለነበሩ የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ ናት። ሠራተኛዋ ደብተሩን አይታ ወዲያው መታች። «ሪፈር ወረቀትስ?» ብትላት፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ እያሳየች፣ «እትዬ ማኅተም ሐሙስ ሐሙስ ተመላልሰው ያስወጡት ነው» አለቻት። ባለቤቷ ድኖ ዛሬ በመካከላችን ይገኛል። እሷም በማግስቱ ወደ ሟች ቤት ሄደች። በኦክስጅን ነበር የሚተነፍሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳትቀር እየሄደች ፀጉራቸውን አጠበች፣ ብርድ ልብሱንም እንደ ልጅነታቸው ተጓተቱ። ስለ ሰዓት ሠሪው ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። በመጨረሻው ሳምንት ሟች፣ «ታሪኬን አንቺ ጻፊው፤ የአባባን ነገር ዘለሽ እንዳታልፊ» አሏት።

እትዬ ማኅተም ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ባገለገሉበት ሆስፒታል አረፉ። ወረቀታቸው እንደ ወትሮው የተሟላ ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና የአጎታቸውን ልጅ ትተውልን ሄደዋል። ይህቺው የአጎታቸው ልጅ በእነዚያ አምስት ወራት ይቅርታዋን ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ጊዜው አለቀባት። ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እንዲነበብላት እንዲህ ጽፋለች፦ እትዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ሁለት ዓመት ያኮረፍኩሽን አንቺም ይቅር በይኝ።

ፈጣሪ በደጁ ወረቀት ሳይጠይቅ ያስገባቸው፤ ከአባባም ጎን ያሳርፋቸው።